ዓሣ ትታ የሄደች ድመት

ባለቤቴ ስትቆጣ ከእኔ ቀድማ የምታውቀው ድመታችን ናት። ይህን ስል እያጋነንሁ አይደለም፤ ሳጋንን እንዴት እንደማጋንን የሚያውቁኝ ያውቁታል። ከሥራ ስመለስ በሩን ከፍቼ መጀመሪያ የማየው ሶፋውን ነው። ድመቷ ሶፋው ላይ ተዘርራ ከተኛች አገር ሰላም ነው። ከሶፋው ሥር ገብታ ዓይኗ ብቻ ቦግ ቦግ የሚል ከሆነ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ውይ፣ ለካ አንድ ነገር ረስቻለሁ!» ብዬ ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ገና አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጓዳ ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ድመቷ ግን የቢላዋውን አመታት ሰምታ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ጨርሳ አውቃለች። ሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ ብዬ፣ ማንጎ ቢጤ አንጠልጥዬ ስመለስ ሶፋው ላይ ወጥታ አገኛታለሁ። በዚህ ዘዴ ያመለጥሁት ጠብ ቢደመር የአንድ ክፍለ ጦር ታሪክ ይወጣዋል።

የሰው ገላም ታነባለች። አንድ ክረምት ወባ ሊይዘኝ ሲል፣ ገና ብርድ ብርድ ሳይለኝ፣ ደረቴ ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ባለቤቴ አየት አደረገችንና «ዛሬስ አንድ ነገር ሊይዝህ ነው መሰል» አለች። በማግሥቱ እንደ ወፍጮ ቤት ጣራ እንቀጠቀጥ ጀመር። ትኩሳቴ ሆዴ ላይ ሽሮ ያፈላ ነበር። ድመቷ ሌት ተቀን ከላዬ አልተለየችም። ሰው ሁሉ «እንዴት ብትወድህ ነው!» አለ። እኔ ግን እስከ ዛሬ እንደ ምድጃ የሞቀችኝ ይመስለኛል።

ሐኪም ቦርጭ ቀንስ ሲለኝም እንዲሁ ነው። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ሩጫ ጀመርሁ። ሩጫ ያልሁት እንግዲህ ለክብሬ ነው፤ ዘንቢል ተሸክመው ወደ ገበያ የሚሄዱ አሮጊቶች ሰላም ብለውኝ ያልፉኝ ነበር። ያም ሆኖ ሆዴ ትንሽ ጎደለ። ድመቷ ይህን ስታውቅ አኮረፈች። ለዓመታት የተኛችበት ትራስ ከሥሯ እየሟሸሸ መሆኑ ነዋ! ወጥታ ትዞራለች፣ በእግሯ ትለካለች፣ ጉድጓዱን ስታገኝ ፊቷን አዙራ ትወርዳለች። ሩጫውን ለምን ተውህ ለሚለኝ ሁሉ ለቤተሰብ ሰላም ስል ነው እላለሁ።

ወደ እኛ የመጣችው ከገዳም ተባርራ ነው። በሐይቁ ላይ ሴት ከማትረግጣቸው ገዳማት ወደ አንዱ፣ አይጥ እህሉንና ብራናውን እንዳይጨርስ ተብሎ፣ ወንድ መስላ በግልገልነቷ ተወሰደች። ብዙ ጊዜ አይጥ እያጠመደች በክብር ኖረች። ከዚያ አንድ አረጋዊ መነኩሴ አስተውለው ሲያዩ ሴት ሆና ተገኘች። በዚያው ቀን በጀልባ ተሳፍራ ወደ ባሕር ዳር ተሸኘች። ጀልባ ነጂው ከወደቡ ሲወርድ መጀመሪያ ያገኘው ሰው እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ እማሆይ እላታለሁ፤ አማቴ በሌሉበት ነው እንጂ በሰሙማ ኖሮ ምላሴን ይቆርጡት ነበር።

አማቴ የመጡት ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቆላ ድባ ላይ የመሪጌታ ሚስት ሆነው የኖሩ፣ ኋላም ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የተቀመጡ ሴት ናቸው። ስኳር በሽታ ተገኘባቸውና ባለቤቴ «ብቻሽን አልተውሽም» ብላ ፔዳ ከሚባለው ኮሌጅ አጠገብ ወዳለው ኪራይ ቤታችን አመጣቻቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው መርፌ ነው። ድመቷ በመጡበት ቀን ከእኔ ሆድ ወርዳ እሳቸው ጭን ላይ ወጣች፤ እዚያው ቀረች። አማቴ «ዞር በይልኝ፣ አንቺ ደፋር!» ይላሉ፤ እንዲመቻት ግን ጉልበታቸውን ገጠም ያደርጋሉ።

ጾሙ ሲገባ ነርሷ ለባለቤቴ አስጠንቅቃ ነበር፦ ጠዋት ክኒኑን ሲውጡ ምግብ ይብሉ፤ ክኒን ውጠው ባዶ ሆድ ከዋሉ ስኳሩ ይወርድና ያልባቸዋል፣ ይቀባጥራሉ፣ ሲብስም ይወድቃሉ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዘርዝራ ለእናቷ ነገረች።

«እሺ» አሉ አማቴ።

«ማዪልኝ፣ እማዬ።»

«ክኒኑን እንድውጥ ነው? ማርያምን፣ እውጣለሁ።»

በየጠዋቱ ባለቤቴ ወደ ሥራ ስትወጣ በተልባ የራሰ እንጀራ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች አቅርባላቸው ትሄዳለች። ስትመለስ ሳህኑ ተወልውሎ ታገኘዋለች። ደስ ይላታል። እኛ ሁሉ አማቴ ለሕመማቸው ሲሉ ጠዋት እንደሚቀምሱ አመንን። እሳቸውም ጾም እንደገደፈ ሰው አዝነው ነበር የሚቀመጡት፤ ንዴታቸውን በእኔ ላይ ይወጡታል። እኔ ኮሌጁ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው፤ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ለምሳ እመጣለሁ።

«አንተ ጤነኛው፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾመው?»

«እስኪርበኝ ነው፣ እማማ።»

«እሱንማ በሬም ይጾመዋል!»

ታዲያ ከጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ ድመቷ አመል አመጣች። ምሳዬን ልበላ ሰባት ሰዓት ገደማ ስገባ፣ አማቴ ከኋለኛው ክፍል መስኮት ሥር ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ድመቷ ትዞራቸዋለች። ትጮኻለች፤ የተለመደው የልመና ጩኸት አይደለም፣ እንደ ሰው ነው የምትጣራው። መዳፏን አንሥታ እጃቸውን ትነካካለች። ዝም ሲሏት የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ትጎትታለች።

«ሂጂ አንቺ ፈታኝ! ገጹን አሳትሽኝ!» ይላሉ አማቴ።

ሊቁ እኔ ወዲያው ነገሩ ገባኝ። ዓሣ አምሯታል! ከጾሙ በፊት ቤታችን የዓሣ ቤት ነበር። በዚህ ከተማ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሐይቁ ከተፈጠረ ጀምሮ አላለቀም፤ አማቴ ግን በመጡ ሳምንት ፈርደው ጨርሰውታል። ዓሣ ዓይን አለው፣ ደም አለው፣ ከዚህ ቤት ይውጣ። ወጣ። የዓሣ መጥበሻው ሳይቀር ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቀለ። እማሆይም እንደ እኛ ሽሮ እያየች ታዛጋ ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አለኝ። ቅዳሜና እሑድ ድመቷ ጸጥ ትላለች። አትጮኽ፣ አትጎትት፤ አማቴ ጭን ላይ እንደ ተጣጠፈ ጋቢ ትውላለች። ይህን አስተውዬ ብጠይቃቸው አማቴ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱልኝ።

«ሰንበትን ታከብራለቻ። ገዳም ውስጥ ያደገች አይደለችም?»

«በሥራ ቀንስ ምን ነካት?»

«በሥራ ቀን ሰይጣን ይፈትናታል። በሰንበት እሱም ያርፋል።»

ከዚህ የበለጠ ምን ማብራሪያ ይፈለጋል? በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ቤቴ ውስጥ ሁለቱንም ሰንበት የምታከብር ድመት እንዳለች አወጅሁ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ፎቶዋን ላክልን አለ። አንዷ ጸሐፊማ ልጇ ፈተና ስላለበት በጸሎቷ እንድታስበው አደራ አለችኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ አንጀቴ አልችል አለ። ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጥቼ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ዳር ተቀምጠው ይበልታሉ፣ ፔሊካኖቹ ዙሪያቸውን ከበው እንደ ሠርግ ታዳሚ ይጠብቃሉ። ጮማ ጮማ የሚል ቆሮሶ ዓሣ መርጬ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቤ፣ ከኮቴ ውስጥ ደብቄ ባጃጅ ያዝሁ። ትንሽ እንደሄድን ሹፌሩ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«ጋሼ፣ ዓሣ ይዘዋል እንዴ?»

«ኧረ በጾም! ምን ነካህ?»

«እንግዲያ ራስዎ ነዎት የሚሸቱት» ብሎ ወደ መንገዱ ዞረ።

በጓሮ በኩል ገባሁ። ድመቷ ከኋለኛው ክፍል የአማቴን ነጠላ እየጎተተች ስትጮኽ ይሰማኛል። ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ፌስታሉን ፈታሁ። ጩኸቱ ቆመ። በመስኮቱ ዘልላ ዱብ አለች። ዓሣውን ስታየው ዓይኗ የሻይ ብርጭቆ አከለ። አንዴ ነከሰች፤ አንዴ ላሰች።

«በይ ቶሎ ብለሽ አጥፊው፣ እማሆይ። ሴትዮዋ ካወቁብን ሁለታችንም ውጪ ማደራችን ነው» አልኋት።

ያን ጊዜ ጆሮዋ ቆመ። መስኮቱን አየች። እኔን አየች። ዓሣውን አየች። ከዚያ ዓሣውን ትታ በመጣችበት መስኮት ዘልላ ተመለሰች።

እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ጣና በማዕበል ታንኳ እንደ ገለባ ሲያነሣ አይቻለሁ፤ ጉማሬ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ እንደ ባለቤት ሲመላለስ አይቻለሁ። ድመት ትኩስ ቆሮሶ ትታ ስትሄድ ግን አላየሁም፤ ያየ ሰውም አላጋጠመኝም። ነገሩ የሆድ አለመሆኑ ያኔ ገባኝ። ዓሣውን በእጄ እንደያዝሁ እየሮጥሁ ገባሁ።

አማቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፤ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ድመቷ ጉልበታቸው ላይ ቆማ ፊታቸውን በመዳፏ ትነካካለች። ዳዊታቸው መሬት ላይ ተደፍቶ ወድቋል። ልቤን ያቆመው እሱ ነው፤ አማቴ ቤት ቢቃጠል ዳዊት መሬት የሚጥሉ ሴት አይደሉም።

«እማማ!»

ቀና ብለው አዩኝ። ፈገግ አሉ።

«መሪጌታ፣ ማኅሌቱ አለቀ? ምነው ዛሬ ዓሣ ይዘው መጡ?»

መሪጌታ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!  ስልኬን አውጥቼ ባለቤቴ ጋ ደወልሁ፤ ያየሁትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኋት።

«ስኳር!» ብላ ጮኸች። «ስኳር በውሃ በጥብጠህ ስጣት!»

«የስኳር በሽተኛ ናቸው እኮ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ነው የምትከራከረኝ? መዋጥ ትችል እንደሆነ እያየህ፣ ቀስ እያደረግህ! እየመጣሁ ነው!»

ጓዳ ገባሁ። ማንኪያውን የት እንደሚያስቀምጡት ሃያ ዓመት የኖርሁበት ትዳር አላስተማረኝም። በጣቴ በጠበጥሁት። ጀርባቸውን ደግፌ ጥቂት ጥቂት አጠጣኋቸው። ድመቷ ጩኸቷን አቁማ አፍ አፋቸውን ታያለች፤ አንድ ጉንጭ በዋጡ ቁጥር እሷም አብራ የምትውጥ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቀለል አለ። ዓይናቸው ከሄደበት ተመለሰ። ብርጭቆውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አፋቸውን ጠራረጉ።

«ይህ ውሃ ዓሣ ዓሣ ይላል» አሉ።

ደስታዬ ይሄ ነው አይባልም። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። እሳቸው ግን በመስኮቱ ጥላውን አይተው ሰዓቱን ገምተዋል።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። አስገደፍኸኝ! እሱም አልበቃ ብሎህ በዓሣ እጅህ!»

ባለቤቴ ስትደርስ እኔ እየተሰደብሁ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም። እናቷን ዳቦ አበላቻቸውና ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ታዩ፤ ማታ ቤት ተመለስን። ከዚያ ምርመራው መጣ።

«እማዬ፣ ጠዋት ያስቀመጥሁልሽን ምግብ አልበላሽም?»

«ተበልቷል።»

«ማን በላው?»

አማቴ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «የተራበ በላው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ያሉት ነዳያን በሉት። ክኒን ልዋጥ ብዬ ቃል ገባሁ፣ ዋጥሁ። ስለ ቁርሱ ማን ቃል ገባልሽ?»

የቅዳሜና የእሑዱም ምሥጢር እዚያው ተፈታ። በሰንበት ከቅዳሴ መልስ ይቀምሳሉ፤ በሥራ ቀን ግን ክኒን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ስኳራቸው መውረድ ሲጀምር፣ ከእኛ ማንም ሳያውቅ፣ ድመቷ በምን እንዳወቀች እንጃ፣ ላባቸው ይሁን ትንፋሻቸው ሸትቷት፣ በየቀኑ ስትነግረን ከርማለች። እኔ ደግሞ ዓሣ አምሯት ነው እል ነበር፤ አማቴም ሰይጣን ነው ይሉ ነበር።

አማቴ ግን በዚህ አልተረቱም። «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም። ነገ ወደ አገሬ እሄዳለሁ። እዚያ ጾሜን የሚያበጣብጥ የለም» ብለው ልብሳቸውን ይቋጥሩ ጀመር።

ያ ነው ያስፈራን። ቆላ ድባ ሄደው፣ በር ዘግተው፣ ክኒን ውጠው ባዶ ሆድ ቢቀመጡ፣ ነገ ስኳራቸው ሲወርድ ማን ሊያያቸው? ባለቤቴ ለመነች፣ ተቆጣች፤ በመጨረሻ ጓዳ ገብታ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ድመቷ ያን ጊዜ ከአማቴ ጭን ተነሣች። እሳቸው ከመጡ ወዲህ በራሷ ፈቃድ ትታቸው ስትሄድ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ለዓሣው እንኳ በሙሉ ልቧ አልተለየቻቸውም። ጓዳ ገብታ የባለቤቴ እግር ላይ ተጠመጠመች። አማቴ አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። ልጃቸው እያለቀሰች መሆኑን ያወቁት በድመቷ ነው። ቋጠሮውን አልፈቱትም፤ ግን ማጥበቁን ተዉት።

በማግሥቱ ማለዳ የነፍስ አባታችንን ጠራናቸው። ዕድሜያቸው ከአማቴም የሚበልጥ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሳቃቸው ግን ሙሉ የሆነ ካህን ናቸው። ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው፣ ተቀምጠው፣ ሁሉንም ሰሙ። ወሬው የዓሣው ቦታ ላይ ሲደርስ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«እኔ ልጠይቅሽ» አሏቸው አማቴን። «በሽተኛ ነሽና እንድትቀምሺ ፈቅጄልሽ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ፈቅደውልኝ ነበር፣ አባቴ። እኔ ግን በሽተኛ አይደለሁም። ይቺ ልጅ ናት በሽተኛ ያደረገችኝ።»

«ትናንት ይህን ጉደኛ መሪጌታ ያልሽውስ በጤናሽ ነው?»

አማቴ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እሱስ በጤና አይሆንም» አሉ።

«እንግዲህ ስሚኝ። መጾም ለአንቺ ቀላል ነው፤ ስትጾሚ ነው የኖርሽው። ለአንቺ የሚከብድሽ መታዘዝ ነው። ስለዚህ ቀኖናሽ መታዘዝ ነው። ጠዋት ከክኒንሽ ጋር የጾም ምግብ ትበያለሽ። ለነዳያን የምትሰጪው ከተረፈሽ ነው። ከዚያም በኋላ ይህች ድመት መጥታ እጅሽን ከነካችሽ፣ ዳዊት እየደገምሽም ቢሆን አቁመሽ ትቀምሻለሽ። ገዝቼሻለሁ።»

«ለድመት?» አማቴ ተነሡ። «እኔ የመሪጌታ ሚስት፣ ለድመት ልታዘዝ?»

«ለልጅሽ ታዘዢ ቢሉሽ እንቢ አልሽ። ለነርሷ ታዘዢ ቢሉሽ እንቢ አልሽ። ሰው አልታዘዝ ስትዪ ምን ላድርግ?»

አማቴ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ። ቋጠሮውን ባለቤቴ ፈታችው። እኔ አባን ልሸኝ ወጣሁና ደጅ ላይ፣ «አባ፣ ድመቷ ብትሳሳትስ? ዝም ብላ ብትነካካቸውስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ትሳሳት እንጂ!» አሉ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ። «ደጋግማ ትሳሳት። አንድ ዳቦ ቢጨምሩ ምን ይሆናሉ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ማን ያምነኛል? ድመቷ መዳፏን ታነሣለች፤ አማቴ ዳዊቱን በክር ምልክት አድርገው ያጥፋሉ። «ታዝዣለሁ፣ አንቺ ጨካኝ» ይላሉ። ዳቦ ይቆርሳሉ። እሷ እስኪውጡ ቆማ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ልክ ናት፤ አንዳንድ ቀን መታሸት ብቻ ነው የፈለገችው። አማቴ ግን ልዩነቱን አይመረምሩም፣ ግዝት ግዝት ነው። ነርሷ በቀጠሮ ቀን ስኳሩን ለክታ ተገረመች። «እማማ፣ ማነው የሚከታተልዎት?» ብትላቸው አማቴ፣ «አለቃ አለችኝ» አሉ።

ፋሲካን ከእኛ ጋር ዋሉ፤ ከፋሲካ በኋላ፣ በመካከሉ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቷል ሲባል ቤታቸውን አይተው፣ ዘመድ ጠይቀው ሊመለሱ ተነሡ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። አማቴ አንድ ክዳን ያለው ቅርጫት ታቅፈዋል። ረዳቱ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ሁለት አረንጓዴ ዓይን ሲያፈጥበት ዘልሎ ወደ ኋላ ሄደ።

«እማማ፣ ድመትማ አይሳፈርም!»

«እንግዲያ እኔም አልሳፈርም። ያለ እሷ እንዳልውል ተገዝቻለሁ።»

«በድመት ይገዘታል እንዴ?»

«የነፍስ አባቴን ጠይቃቸው፤ እኔ ምን ላድርግህ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ገባበት። አንዱ ሽንቷን ትሸናለች አለ። አንዲት ሴት፣ «ዶሮ ታሳፍር የለ፣ አሳፍራቸው!» አለች። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ የግዝትን ነገር ከሥሩ ያብራሩ ጀመር፤ ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። በመጨረሻ ረዳቱ እጁን አነሣና አሳለፋቸው። አማቴ መስኮት ዳር ተቀመጡ፣ ቅርጫቱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ባለቤቴ ከውጭ ሆና፣ «እማዬ፣ ክኒንሽ! እማዬ፣ ዳቦው የቱ ጋ እንዳለ አወቅሽው?» ትላለች፤ መኪናው ሞተር አስነሥቷል።

ያን ጊዜ ከቅርጫቱ ክዳን ሥር አንዲት መዳፍ ወጣች። አማቴን እጃቸው ላይ ነካ አደረገቻቸው።

«ገና እኮ አልተንቀሳቀስንም!» አሉ አማቴ። ከዚያ ፌስታሉን ፈትተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ መኪናው ሙሉ ሰው እያያቸው ጎረሱ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ቆማ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። አማቴ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ በመስታወቱ በኩል ቅርጫቱን አመለከቱን፤ አለቃዬን እንግዲህ አያችኋት እንደማለት።